የኪልኬኒ ሕንፃዎችን ዕድሜ በምን እንለያለን? አንዳንዶቹስ ጣሪያቸውን ለምን አጡ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በአየርላንድ፣ በዋተርፎርድ ከተማ የሚኖሩ ግንበኛ ሲሆኑ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ጎረቤት ካውንቲ፣ ወደ ኪልኬኒ እየተሻገሩ አሮጌ ሕንፃዎችን ይጎበኛሉ። «የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ሁሉም ‹የኖርማን ዘመን ነው› ይሉኛል፤ ለእኔም ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይታየኛል። የ12ኛውን ክፍለ ዘመን ሥራ ከ19ኛው በምን ልለየው? የቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ጣሪያው እስከ ዛሬ ሲኖር፣ የጀርፖይንትና የኬልስ ገዳማትስ ባዶ ግድግዳ ብቻ ሆነው የቀሩት ለምንድን ነው?» ሲሉ ጽፈዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስና ወደ መልሱ ልግባ። ኪልኬኒ ውስጥ «ይህ ሕንፃ የየትኛው ዘመን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም አንድ ሕንፃ የአራትና የአምስት ዘመን ሥራ በላዩ ተሸክሞ ይገኛል። ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ በር፣ ይህ መስኮት፣ ይህ ማእዘን የየትኛው ዘመን ነው?» ተብሎ ነው። ጣሪያን በተመለከተ ደግሞ ወሳኙ ነገር ሕንፃው የደረሰበት ጦርነት ሳይሆን፣ ገዳማት ከተዘጉበት ከ1540 ገደማ በኋላ ማን ይገለገልበት እንደነበረ ነው።

ድንጋዩ አንድ ዓይነት መስሎ የታየዎት በእርግጥም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የካውንቲው ሰፊ ክፍል ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ በ1200ም በ1600ም በ1850ም የሠሩ ግንበኞች የፈለጡት ይህንኑ ድንጋይ ነው። «የኪልኬኒ እብነ በረድ» እየተባለ የሚሸጠው ጥቁር ድንጋይ እንኳ በሥነ ምድር አነጋገር እብነ በረድ አይደለም፤ ሲወለወል የሚጠቁር የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በውስጡ ነጭ ሆነው የሚታዩት ቅርጾች በባሕር ይኖሩ የነበሩ ፍጥረታት ቅሪቶች ናቸው። በቅዱስ ካኒስ ካቴድራል ውስጥ ያሉትን፣ የኪልኬኒን ግንብ ለዘመናት የያዘውን የበትለር ቤተሰብ የመቃብር ሐውልቶች ቀርበው ሲያዩ እነዚህን ቅርጾች በባላባቱ ጥሩር ላይ ሳይቀር ያገኟቸዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ ሲያጋጥምዎ ግን ቆም ይበሉ። ግሬግናማና በተባለችው ትንሽ ከተማ የሚገኘው የዱስክ ገዳም የተቀረጹ ክፍሎች፣ በእንግሊዝ ብሪስቶል አጠገብ ከሚገኘው ከደንድሪ የድንጋይ ካባ በመርከብ የመጣ ፈዛዛ ቢጫ ድንጋይ ይገኝባቸዋል። ይህ ድንጋይ በአየርላንድ የሚታየው በአብዛኛው ኖርማኖች፣ ማለትም ከእንግሊዝ በኩል የመጡት ወራሪ ባላባቶች፣ ከመጡ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት በተሠሩ ሕንፃዎች ላይ ስለሆነ፣ እሱ ባለበት ቦታ የቀለም ልዩነት በእርግጥም የዘመን ምልክት ይሆናል።

እንግዲህ እርስዎ የእጅ ባለሙያ እንደመሆንዎ መጠን ከማንኛውም ጎብኚ የሚበልጡበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመሣሪያን ዱካ ማንበብ ነው። ለዚህ ግን ተራውን የካብ ግድግዳ ይተዉት። ያ ካብ በአብዛኛው ከውጭ በኖራ ተለስኖና ተቀብቶ ይኖር ስለነበር ጠራቢው አልተጨነቀበትም። ዛሬ ዕርቃኑን የምናየው ልስኑ ስለረገፈ ወይም በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ጥንታዊነቱ ይታይ» በሚል ስለተፋቀ ነው፤ በእኔ አስተያየት ይህ ፋሽን በአየርላንድ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት ከብዙ ከበባ አይተናነስም። የሚነበቡት የበርና የመስኮት ጎኖች፣ የቅስት ድንጋዮችና የማእዘን ድንጋዮች ናቸው። የእጅ ባትሪዎን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በአግድም ቢያበሩ ዱካው ጥላ እየጣለ ይወጣል። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን የተጠረበ ድንጋይ ገጹ ላይ በሰያፍ የወረዱ፣ እርስ በርስ የተቀራረቡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ግን በሹል መሮ እየተነቆረ ስለተስተካከለ ገጹ በነጥብ የተሞላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ጠርዙን ተከትሎ ለስላሳ ጠባብ ክፈፍ ይኖረዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ የሚጋለጠው በፍጹምነቱ ነው፤ ረድፉ እኩል፣ መጋጠሚያው ቀጭን፣ ጠርዙ ስለት፣ ንቅሱም ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው የማይለዋወጥ ይሆናል።

ከመሮው ዱካ ቀጥሎ የሚረዳዎት የበሩና የመስኮቱ ክፍተት ቅርጽ ነው። አናቱ ግማሽ ክብ የሆነና በጥልቅ ቅርጽ ያጌጠ በር የ12ኛው ክፍለ ዘመን የሮማኔስክ ሥራ ነው፤ ረጅም፣ ጠባብና አናቱ ሹል የሆነ መስኮት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገባውን የመጀመሪያውን የጎቲክ አሠራር ያመለክታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሹሉ ቅስት ወደ ውስጥ ከዚያም ወደ ውጭ እየታጠፈ እንደ ነበልባል ጫፍ ይጨርሳል፤ በ16ኛው ማብቂያ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነና በድንጋይ ቋሚዎች የተከፋፈለ መስኮት ይመጣል፤ ከ18ኛው ጀምሮ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ትልቁ የእንጨት መስኮት በየቦታው ይገባል። ወጥመዱ ያለው 19ኛው ክፍለ ዘመን የ13ኛውን መልሶ በመቅዳቱ ላይ ነው። ከ1843 እስከ 1857 የተሠራው የካቶሊኮች የቅድስት ማርያም ካቴድራል ሹል መስኮቶቹን ብቻ የሚያይን ሰው ስድስት መቶ ዓመት ያሳስተዋል፤ የድንጋዩን ገጽ የሚያይን ግን አንድ ደቂቃም አያሳስተውም።

ኖርማኖች ወደ አየርላንድ የገቡት በ1169 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ነገር ለማየት ከፈለጉ ከኪልኬኒ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ወደምትገኘው ወደ ፍሬሽፎርድ ይሂዱ። በዚያ ያለው የቅዱስ ላክቲን ቤተ ክርስቲያን በ1731 እንደገና የተሠራ ተራ ሕንፃ ነው፤ መግቢያው ላይ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን የሮማኔስክ በር እንዳለ ተጠብቆ ቆሟል። ቅስቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየተደራረቡ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከበላያቸው ከፍ ብሎ የሾጠጠ ባለ ሦስት ማእዘን የድንጋይ አናት አለ። ከውስጠኛው ቅስት ላይ በአይሪሽ ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ ሲኖር፣ ቤተ ክርስቲያኑን ላሠሩት ለኮርክ ልጅ ለኒያምና ለማሃማን ኦኪርሚክ፣ እንዲሁም በእጁ ለሠራው ለጊላ ሞኮልሞክ ኦኬኑካን ጸሎት እንዲደረግ ይጠይቃል። በዚያ ዘመን የሠራተኛው ስም ከአሠሪዎቹ ስም ጎን በድንጋይ ላይ መገኘቱ ብርቅ ነው፤ ለግንበኛ ደግሞ ከካውንቲው ቤተ መንግሥት ሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ባልደረቦችዎ «ኖርማን» የሚሉት የኪልኬኒ ግንብ፣ አንድ ሕንፃ የብዙ ዘመን መሆኑን ከሁሉም በተሻለ ያስረዳል። ዊልያም ማርሻል የተባለው የኖርማን ባላባት የሌንስተርን ግዛት በጋብቻ ካገኘ በኋላ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኖር ወንዝ ዳር በአራት ማእዘኖቹ አራት ክብ ማማ ያለው የድንጋይ ምሽግ አሠራ። ዛሬ የቆሙት ሦስቱ ማማዎች ሲሆኑ በእርግጥም የኖርማን ሥራ የሚባለው የእነሱ ግዙፍ አካል ነው። በ1391 ግንቡን የገዙት የኦርመንድ ጌቶች፣ ማለትም የበትለር ቤተሰብ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሲኖሩበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የክላሲካል መግቢያ በር ጨመሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዊልያም ሮበርትሰን የተባለው አርክቴክት ሕንፃውን የመካከለኛው ዘመን እንዲመስል አድርጎ ብዙውን ክፍል እንደገና ሠራው። ከአትክልቱ ሥፍራ ሆነው የሚያዩአቸው ሰፋፊ መስኮቶችና በግድግዳው አናት ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩት የድንጋይ ቅርጾች በአብዛኛው የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ቤተሰቡ በ1935 ለቆ ከወጣ በኋላ ግንቡ ባዶውን ሲቀር፣ በ1967 በ50 ፓውንድ ዋጋ ለከተማው ተላልፎ ኋላም በመንግሥት እጅ ገብቷል።

በከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ቅዱስ ካኒስም እንዲሁ ነው። ከካቴድራሉ ጎን የቆመው 30 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ክብ ማማ ከኖርማኖች መምጣት በፊት የነበረ የደወል ቤት ነው። በሩ ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን፣ በአየርላንድ እስከ አናታቸው ሊወጣባቸው ከሚቻሉት ጥቂት ክብ ማማዎች አንዱ እሱ ነው። ቱንቢ ይዘው ቢሄዱ ዘንበል ማለቱን ማረጋገጥ ይችላሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲቆፈር መሠረቱ ጥልቀት የሌለውና በአሮጌ መቃብሮች ላይ ያረፈ ሆኖ ተገኝቷል። ካቴድራሉ ራሱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን በርዝመት በአየርላንድ ካሉት የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች የሚበልጠው የደብሊኑ ቅዱስ ፓትሪክ ብቻ ነው። የመካከለኛው ማማው በ1332 ተደረመሰ። ስለዚህ አደጋ የሚነገረው ታሪክ ለእርስዎ ሙያ የቀረበ ነው፦ በ1324 ዴም አሊስ ካይትለር የተባለች የከተማዋ ሀብታም ሴት በጥንቆላ ተከስሳ ስትሸሽ፣ ልጇ ዊልያም አውትሎው ለንስሐው የካቴድራሉን ጣሪያ በእርሳስ እንዲከድን ተፈረደበት፤ ማማው የወደቀው በዚያ እርሳስ ክብደት ነው ይባላል። እርሳሱ ብቻውን ጣለው ማለት ይከብደኛል፤ ከባድ ክዳን ወደ ውጭ የሚገፋውን ግድግዳ ግን ማንም ግንበኛ ያውቀዋል። ዛሬ የሚታየው አጭርና ደልዳላ ማማ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ የሚያዩት ባለ ጅማት ጣሪያም የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በየገጠሩ በብቸኝነት ቆመው የሚያዩአቸውን አራት ማእዘን የማማ ቤቶች ደግሞ «ኖርማን» ማለት ስሕተት ነው፤ ባለቤቶቹ ከኖርማን ዘር ቢሆኑም እንኳ ቤቶቹ በአብዛኛው የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ከኪልኬኒ ከተማ አጠገብ ያለው የክላራ ማማ ቤት ከእነዚህ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ከተጠበቁት አንዱ ነው። ግድግዳቸው ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከመግቢያው በላይ ባለው ጣሪያ ውስጥ ጠላት ላይ ድንጋይ የሚለቀቅበት ቀዳዳ ይተዋል፤ የአናታቸው ጥርሶችም እንደ ደረጃ እርከን ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መግባት ከቻሉ የድንጋዩን ጉልላት ከሥር ይመልከቱ፤ በኖራው ላይ የተጎነጎነ ቀንበጥ ዱካ ልክ እንደ ቅርጫት ታትሞ ያገኙታል። ግንበኞቹ ድንጋዩን ለመደርደር ከጣውላ ፋንታ በቀንበጥ የተሠራ ምንጣፍ ከእንጨት ደጋፊ ላይ አንጥፈው፣ ኖራውን በላዩ አፍስሰው ይሠሩ ስለነበር ነው። ይህ የቅርጽ ሥራ ዘዴ በአየርላንድ በሰፊው የተለመደ ነበረ፤ ዱካውን ያየ ሰው ጉልላቱ በኋለኛው ዘመን ያልተነካ መሆኑን ያውቃል።

አሁን ወደ ጣሪያው። በአየርላንድ ለማንኛውም ፍርስራሽ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን የወረረውን የእንግሊዝ የጦር መሪ ክሮምዌልን ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ነው። በእርግጥ ኪልኬኒ በ1650 ለክሮምዌል ጦር እጅዋን ስትሰጥ የግንቡ አራተኛ ማማ ፈርሷል፤ የካቴድራሉ መስኮቶች ተሰባብረዋል፤ ጣሪያውም ለዓመታት ክፍት ቆይቷል። ሆኖም ጀርፖይንትና ኬልስ ያኔ ገዳም ከሆኑ ማቆማቸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። እነሱን ባዶ ያደረጋቸው የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በመላው ግዛቱ ገዳማትን መዝጋቱ ነው። በ1540 ሁለቱም ሲዘጉ መሬታቸው ወደ ኦርመንድ ጌቶች ተላለፈ። አዲሶቹ ባለቤቶች የፈለጉት እርሻውን፣ ወፍጮውንና የዓሣ ማጥመጃውን ነበር፤ ሰፊውን ቤተ ክርስቲያን የሚያድስ ምእመንም ሆነ በጀት አልነበረም። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ቀድሞ የሚሄደው ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ እርሳሱ ይቀልጣል፣ ደወሉ ይሸጣል፣ እንጨቱ ለሌላ ቤት ይወሰዳል። በአየርላንድ ዝናብ ውስጥ ክዳኑን ያጣ ግድግዳ ከአናቱ ጀምሮ ኖራው ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው።

ቅዱስ ካኒስ ግን ገዳም ሳይሆን የሀገረ ስብከት ካቴድራል ስለነበረ አልተዘጋም፤ ወደ ፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ተላልፎ አገልግሎቱ ቀጠለ። ከ1650 በኋላም የፈረሰውን የሚጠግን ባለቤት ነበረው፤ በ1860ዎቹ ደግሞ ቶማስ ኒውነም ዲን ባካሄደው ዕድሳት አዲስ የእንጨት ጣሪያ አገኘ። የዶሚኒካኖቹ ጥቁር ገዳምም ሲዘጋ የፍርድ ቤት ሆኖ በማገልገሉ ግድግዳውን አትርፎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመነኮሳቱ ተመልሷል። ዱስክ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፦ ከተዘጋ በኋላ ተጎድቶ በ1774 ማማው ወደቀ፤ በ1813 ግን ለካቶሊክ ምእመናን እንደገና ተከደነ። የያኔዎቹ ሠራተኞች ፍርስራሹን ከማውጣት ይልቅ በላዩ ላይ ወለል ስለሠሩ፣ የዛሬው ወለል ከመነኮሳቱ ወለል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጥንታዊውን በር ለማየት ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ የተለየ ምክንያት ያለው ኢኒስቲግ አጠገብ የሚገኘው የዉድስቶክ ቤት ነው፤ ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤት በ1922 በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ተቃጥሎ ነው ጣሪያውን ያጣው።

ጣሪያ ማጣት ሁሉንም ነገር አላጠፋም። ቶማስታውን አጠገብ ባለው በጀርፖይንት የመነኮሳቱ የመመላለሻ ግቢ ዙሪያ፣ በ1400 ገደማ የተሠሩ ጥንድ ጥንድ አምዶች አሉ፤ በሁለቱ አምዶች መካከል ባለው ጠባብ ገጽ ላይ ባላባት፣ ጳጳስ፣ ልብሷ ብዙ እጥፋት ያለው እመቤት፣ ዘንዶ፣ አንዱ ጋ ደግሞ ሆዱን በሁለት እጁ ጨብጦ የሚያቃስት የሚመስል ሰው ተቀርጾ ይታያል። ጀርፖይንት የነበረበት የሲስተርሲያን የመነኮሳት ማኅበር በመጀመሪያው ሥርዓቱ እንዲህ ያለውን ጌጥ አጥብቆ የሚከለክል ስለነበር፣ እነዚህ ምስሎች ደንቡ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደላላ ያሳያሉ። እንደቆመ የቀረ እንዳይመስልዎት ግን፤ ከአምዶቹ ከፊሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተለቅመው የተተከሉ ናቸው፤ አዲሱን ድንጋይ ከአሮጌው ለመለየት ከላይ የጠቀስኩትን የመሮ ዱካ ይሞክሩት። የቤተ ክርስቲያኑ ማማም ባለ እርከን ጥርሶቹ ስላሉት የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጭማሪ መሆኑን አሁን ራስዎ ሊናገሩ ይችላሉ፤ የታችኛው ክፍል ግን የ12ኛው ነው።

ኬልስ (ሚዝ ካውንቲ ካለው ኬልስ ጋር አያምታቱት) በ1193 የተመሠረተ የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ሲሆን፣ ከሩቅ ሲታይ የጦር ሠፈር ይመስላል። ከ1252 እስከ 1327 ባለው ጊዜ ሦስት ጊዜ ተጠቅቷል፤ በኋላም ከ1 ሄክታር በላይ የሆነ ግቢ የሚያጥር ግንብና ማማዎች ተሠሩለት። የአካባቢው ሰዎች «ሰባቱ ግንቦች» የሚሉት ለዚህ ነው።

በከተማው ውስጥ ለሚያልፉ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎች ይበቃሉ። ሰር ሪቻርድ ሺ በ1582 ለድሆች ያሠራው መጠለያ አለ፤ ነጋዴው ጆን ሮት ከ1594 እስከ 1610 በአንድ ረጅምና ጠባብ ይዞታ ላይ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርጎ በመካከላቸው ግቢ እየተወ ያሠራቸው ሦስት ቤቶችም ከጣሪያቸው ጋር ቆመዋል። በ1761 የተሠራው የከተማው አዳራሽ፣ ቶልስል የሚባለው፣ በቅስቶቹ የእግረኛውን መንገድ ይሸፍናል፤ የነደፈው ዊልያም ኮልስ የጥቁሩ እብነ በረድ ነጋዴ ነበር።

ጉብኝቱን ሲያቅዱ ፍሬሽፎርድን ጠዋት፣ ጀርፖይንትን እኩለ ቀን፣ ኬልስን በመጨረሻ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ጀርፖይንት የጉብኝት ሰዓት ስላለው በብርዱ ወራት ክፍት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ኬልስ ግን በጎች የሚሰማሩበት ክፍት ሜዳ ስለሆነ ቲኬት አይጠይቅም፤ የምሽቱ ዝቅተኛ ፀሐይም የመሮውን ዱካ ያለ ባትሪ ያወጣልዎታል። ለወደፊቱ በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የመሥራት ዕድል ከገጠመዎት ደግሞ መጋጠሚያውን በስሚንቶ እንዲሞሉ ቢታዘዙ አይስማሙ። የኖራ ሞርታር ውሃ ይቀበላል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ስሚንቶ ግን ርጥበቱን በግድግዳው ውስጥ ዘግቶ በድንጋዩ ገጽ በኩል እንዲወጣ ስለሚያስገድደው፣ መጋጠሚያው ሳይነካ ድንጋዩ ራሱ ይቀረፋል። ጥበቃ በሚደረግለት ሐውልት ላይ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመር በፊትም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ በሕግ የሚጠየቅ ግዴታ ስለሆነ፣ አሠሪዎ ይህን መፈጸሙን የሚያሳይ ወረቀት ሳያዩ መሮ አያንሱ።